የዱቦ ውጊያ፣ ሆሹ ሺዲ እና የተሳሳተው «መጋቢት 15»፦ የምላሽ ጽሑፍ

«መጋቢት 15 በሲንድ ታሪክ» በሚል ርእስ የወጣው ጽሑፍ አነሳሱ መልካም ነበር። ሲንድ ዛሬ በደቡብ ፓኪስታን የሚገኝ፣ የኢንደስ ወንዝ ወደ ዓረቢያ ባሕር ከመግባቱ በፊት የሚያቋርጠው ክፍለ ሀገር ነው፤ ዋና ከተማው ካራቺ ነው። ስለዚህ አገር በአማርኛ የተጻፈ ነገር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ጸሐፊው አንዲት ቀን፣ ማርች 24ን፣ መርጠው የሲንዲዎችን ታሪክ በእሷ ዙሪያ ተርከዋል። በ1843 በዚያች ቀን፣ ከሃይደራባድ ከተማ አጠገብ ዱቦ በተባለ መንደር፣ የሚርፑር ገዥ ሚር (መስፍን) ሼር መሐመድ ታልፑር በእንግሊዙ ጄኔራል በሰር ቻርልስ ናፒየር ድል ተመታ፤ ዘሩ ከአፍሪካ የሚመዘዘው የጦር አዛዡ ሆሹ ሺዲም ወደቀ። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለንም። ከዚያ ወዲያ ግን ጽሑፉ ለዚያች ቀን ያልሆነውን ሁሉ ይጭንባታል። ዋና ዋናዎቹን አንድ በአንድ እናንሳ። (ዓ.ም. ካላልን በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዕለቱ ዓርብ፣ መጋቢት 15 ቀን 1835 ዓ.ም. ነበር»

ዓርብ መሆኑ ልክ ነው። መጋቢት 15 መሆኑ ግን ልክ አይደለም፤ ሁለቱ አብረው ሊሄዱም አይችሉም። ጸሐፊው ዛሬ ማርች 24 መጋቢት 15 ላይ መዋሉን አይተው ያንኑ ወደ 1843 ወስደውታል። ይህ ስሕተት በታሪክ ጽሑፎቻችን በየጊዜው ስለሚደጋገም ትንሽ ቆም ብለን እናየዋለን።

የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1800 እና በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ዘሏል። የእኛው በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ማድረጉን አላቋረጠም። ስለዚህ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 10 ላይ፣ ጳጉሜን 6 ባለፈ ማግስት ደግሞ 11 ላይ ነበር። ከ1900 ወዲህ 11 እና 12 ሆነ። ከዓድዋ የቀረበ ማስረጃ አያስፈልግም፦ ጦርነቱ የተደረገው ማርች 1 ቀን 1896፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ግን የካቲት 23ን የምናከብረው ማርች 2 ላይ ነው። በዚሁ ስሌት የ1843 ማርች 24 መጋቢት 16 ነው።

ላልተዋጠለት ሰው የባሕረ ሐሳብ ስሌት አለለት። ለ1835 ዓ.ም. 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7335 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል መጠነ ራብዒቱ 1833 ነው፤ ቀሪው ይጣላል። ሁለቱ ሲደመሩ 9168፤ ይህ ለ7 ሲካፈል 5 ይተርፋል። 1 ሲተርፍ ማክሰኞ፣ 2 ሲተርፍ ረቡዕ እያልን ስንቆጥር 5 ቅዳሜ ላይ ያርፋል፤ የ1835 ዓ.ም. መስከረም 1 ቅዳሜ ዋለ ማለት ነው። ከመስከረም 1 እስከ መጋቢት 1 180 ቀን አለ፤ በሰባት በሰባት ሲገደፍ 5 ይቀራል። ከቅዳሜ 5 ቀን ወደፊት ሲቆጠር ሐሙስ ነው። መጋቢት 1 ሐሙስ ከዋለ መጋቢት 15ም ሐሙስ ነው፤ ዓርብ የሚውለው መጋቢት 16 ነው። ጸሐፊው ዓርብን ከእንግሊዝኛ ምንጭ፣ 15ን ከስልክ ላይ የቀን መቀየሪያ ወስደው አስማምተዋቸዋል ብለን እንገምታለን። ከ1900 በፊት ላለ ቀን እንዲህ ያለ መቀየሪያ ሲጠቀሙ የዕለቱን ስም ማመሳከር ግድ ነው፤ ሁሉም መቀየሪያ የ1900ን ዝላይ አያውቅም።

«ሲንድ በአንድ ጀምበር ወደቀች»

አልወደቀችም። ገመዱ ሲጠብቅ የኖረው ከሠላሳ ዓመት በላይ ነው። ባሉች ከተባለው ሕዝብ የሚወለዱት የታልፑር መሳፍንት ከ1783 ጀምሮ ሲንድን በሦስት ቤት ተካፍለው ይገዙ ነበር፦ ሃይደራባድ፣ ኻይርፑርና ሚርፑር። የእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በ1809 ውል አስፈረማቸው። በ1832 ኢንደስ ለነጋዴ እንዲከፈት ተዋዋሉ፤ የጦር መርከብና የጦር ዕቃ እንዳያልፍበት ውሉ ይከለክል ነበር። ሰባት ዓመት ሳይሞላ እንግሊዞች ወደ አፍጋኒስታን የሚዘምት ጦር በዚያው ምድር አሻገሩ። በፌብሩዋሪ 1839 የካራቺን ወደብ ያዙ፤ በዚያው ዓመት በአዲስ ውል የሃይደራባድ ሚሮች የእንግሊዝን ጦር እንዲያስተናግዱና በየዓመቱ 3 መቶ ሺህ ሩፒ እንዲከፍሉ ተደረገ።

ናፒየር የመጣው በ1842 መጨረሻ ገደማ ነው። በጃንዋሪ 1843 ገና ጦርነት ሳይታወጅ በረሃ ውስጥ ወደሚገኘው የኢማምጋር ምሽግ 350 እግረኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ በግመል ጭኖ ሄዶ ምሽጉን በባሩድ አፈረሰው። ፌብሩዋሪ 15 በሃይደራባድ የነበረው የእንግሊዝ ተወካይ የጄምስ አውትራም መኖሪያ ተጠቃ። ፌብሩዋሪ 17 ሚያኒ ላይ ዋናው ውጊያ ሆነ፤ የሃይደራባድ ሚሮች እጃቸውን የሰጡት ያኔ ነው። ማርች 24 ዱቦ ላይ የተሸነፈው የሚርፑሩ ሼር መሐመድ ነው። እሱም ቢሆን በዚያ ቀን አልተያዘም። የበረሃዋ ምሽግ ኡመርኮት የተያዘችው በኤፕሪል መጀመሪያ ነው፤ የሚሩ የመጨረሻ ጦር የተበተነው ደግሞ በጁን አጋማሽ፣ ንዳድ በበረታበት ወቅት፣ በእንግሊዙ መኮንን በጆን ጄኮብ ፈረሰኞች ነው። ከዚያ ወደ ፑንጃብ አመለጠ።

«መላው ሲንድ» የሚለውም አይሠራም። የኻይርፑሩ ሚር ዓሊ ሙራድ ከእንግሊዞች ጋር ስለወገነ ግዛቱ ተርፎለታል፤ ኻይርፑር እስከ 1955 የራሷ መስፍን ነበራት። ከወራሪ ጋር ተስማምቶ ዙፋን ማትረፍ ለጀግንነት ትረካ አይመችም መሰለኝ፣ ጽሑፉ ስሙን እንኳ አላነሳም።

«500 እንግሊዞች 30,000 ባሉቾችን ድል ነሱ»

500 የሚለው ቁጥር ምናልባት አንድ ክፍለ ጦር ብቻ ተቆጥሮ የመጣ ነው። ናፒየር ሚያኒ ላይ ወደ 2,800፣ ዱቦ ላይ ወደ 5,000 ሰው ነበረው። ከዚህም ውስጥ አውሮፓዊው እግረኛ 22ኛው ክፍለ ጦር ብቻ ነው፤ የቀረው አብዛኛው የቦምቤይና የቤንጋል ህንዳዊ ወታደር ነው። ከሱኩር በኩል በወንዝ የመጣ ረዳት ጦር የደረሰለትም ከውጊያው ዋዜማ ነው። የባሉቾቹ ቁጥር፣ ከ20,000 በላይ የሚባለው፣ ምንጩ ናፒየርና ታሪኩን የጻፈለት ወንድሙ ዊሊያም ናቸው። አሸናፊ የተሸናፊውን ቁጥር ሲናገር ማሳነስ አይወድም። ጸሐፊው ይህን ቁጥር ያለ ባለቤት ማቅረብ አልነበረባቸውም።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው ውጊያው እንዴት እንደተበላሸ ማየት ነው። የሼር መሐመድ ጦር የመሸገው ጥልቀት ባላቸው ደረቅ ቦዮች ውስጥ ነበር፤ ከኋላው የዱቦ መንደርና የፉሌሊ ወንዝ ደረቅ አልጋ አሉ። የቦዩ ጠርዝ ጠላት እንዳይወጣው ተቆርጦ ገደል እንዲሆን ተደርጓል። ፊት ለፊት ለሚመጣ እግረኛ ይህ አስፈሪ ምሽግ ነው። ድክመቱ በጎኑ ነው፦ አንድ መድፍ የቦዩን ጫፍ ካገኘ በስፋቱ ሳይሆን በርዝመቱ ይተኩሳል፤ አንድ ጥይት ከፊት ያለውን ቢስት ከኋላ የተሰለፈውን ያገኘዋል፤ ገደል የተደረገው ጠርዝም ውስጥ ያለውን ሰው መውጫ ያሳጣዋል። በፈረስ የሚጎተቱት የናፒየር መድፎች እየቆሙ እየተኮሱ፣ እየቀረቡ እንደገና እየተኮሱ ያደረጉት ይህንኑ ነው። 22ኛው ክፍለ ጦር ቦዩ ውስጥ የዘለለው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ችግር መሣሪያው ነበር። የባሉቹ ጠመንጃ በክር እሳት የሚተኮስ ነው። ባሩዱ ይለካል፣ በአፈሙዙ ይፈስሳል፣ ጥይቱ በዘንግ ይጠቀጠቃል፣ መለኮሻው ላይ ባሩድ ይነሰነሳል፣ ሲጤስ የቆየው ክር ይስተካከላል። ጠላት እየሮጠ ሲመጣ ይህን ሁለተኛ ጊዜ ለመድገም ጊዜ የለም፤ አንዴ ተኩሶ ጠመንጃውን ጥሎ ሰይፍና ጋሻ ማንሳት ነው። ይህ አሠራር ደግሞ ጀግንነት እንጂ ሥርዓት ያለው ማፈግፈግ አያውቅም። ናፒየር በዚያ ቀን የሞተና የቆሰለ 270 ሰው አጣ፤ ከእነዚህ 147ቱ ከ22ኛው ብቻ ናቸው። ግማሹ ኪሳራ በአንድ ክፍለ ጦር ላይ መውደቁ ቦዩ ውስጥ የነበረው ትንቅንቅ ምን ያህል እንደከፋ ይናገራል። «ያለ ብዙ ችግር አሸነፉ» የሚለውን የጽሑፉን ዓረፍተ ነገር እዚሁ ላይ መሰረዝ ይቻላል።

«ሆሹ ሺዲ ከኢትዮጵያ የተወሰደ ሐበሻ ነው»

ጽሑፉ በሰፊው የተሠራጨው በዚህ አንቀጽ ምክንያት ነው፤ የላላው ማሰሪያም ይኸው ነው። ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል።

የመጀመሪያው ማሊክ ዓምባር ነው። እሱ በእርግጥ ከኢትዮጵያ ምድር የተወሰደ፣ በባርነት ተሽጦ ለአሕመድናጋር መንግሥት የጦር መሪና አድራጊ ፈጣሪ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። ይህ ግን በደካን (በደቡብ ህንድ አምባ ምድር)፣ በ1626 ከሞተ ሰው ጋር የተያያዘ ታሪክ ነው። በሲንድ ምድር አልሠራም።

ሁለተኛው ጽሑፉ የሚያነሣው «የሃይደራባድ አፍሪካውያን የፈረስ ዘብ» ነው። ዘቡ ነበር፤ ነገር ግን «ኒዛም» የተባለው ንጉሥ የሚገዛው የሃይደራባድ ዘብ ነው፤ እሱም በደካን ነው። የሲንዱ ሃይደራባድ በ1768 በጉላም ሻህ ካልሆሮ የተቆረቆረ ሌላ ከተማ ነው፤ በሁለቱ መካከል ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ አለ።

ሦስተኛው የሺዲዎቹ፣ ማለትም ዘራቸው ከአፍሪካ የሆነው የአገሩ ሰዎች፣ የራሳቸው ታሪክ ነው። በሲንድና በመክራን (ከሲንድ በስተ ምዕራብ ባለው ጠረፍ) የሚኖሩት ሺዲዎች አብዛኞቹ የአያት ቅድመ አያታቸው መንገድ ከዛንዚባርና ከስዋሂሊ ጠረፍ ተነሥቶ በማስካት በኩል ወደ ካራቺ የሚመጣ ነው። መንገዱን የሚወስነው ነፋሱ ነው፦ ከኖቬምበር እስከ ማርች ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ባለ ሸራ ጀልባዎቹን ወደ አፍሪካ ይወስዳል፤ ከኤፕሪል ጀምሮ ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣው ይመልሳቸዋል፤ በመካከለኛው ክረምት ባሕሩ ስለሚቆጣ ወደብ ላይ ይታሰራሉ። የታንዶ ባጎው መምህርና ጸሐፊ ሙሐመድ ሲዲቅ ሙሳፊር፣ ከሺዲ ወገን የወጣ ትልቅ የሲንድኛ ብዕረኛ፣ አባቱ ከዛንዚባር በባርነት የተወሰደ ነው። በ2018 ወደ ሲንድ ምክር ቤት የገባችው የመጀመሪያዋ ሺዲ ሴት ታንዚላ ቃምብራኒ የዘር ሐረጓን የምትስበው ከታንዛኒያ ነው። በካራቺ ሰሜን በማንጎ ፒር በሚደረገው የሺዲዎች በዓል፣ በአዞዎቹ ኩሬ ዳር፣ ትልቁ አዞ የአበባ ጉንጉን ተደርጎለት ሥጋ ሲቀርብለት የሚመታው ሙጋርማን የተባለ ረጅም ከበሮም የሚያመለክተው ወደዚያው ጠረፍ ነው።

«ሐበሺ» የሚለው መጠሪያ በህንድ ቤተ መንግሥታት ለማንኛውም ጥቁር አፍሪካዊ ይሰጥ ስለነበር ብቻውን የትውልድ ማስረጃ አይሆንም። በምፅዋና በታጁራ በኩል በቀይ ባሕር ተሻግረው የተሸጡ ኢትዮጵያውያን መኖራቸው የታወቀ ነው፤ ከእነሱ አንዳንዱ ሲንድ አልደረሰም ማለት አይቻልም። ስለ ሆሹ ግን የሲንድ ትውፊት የሚለው በሃይደራባድ በታልፑሮች ቤት የተወለደ መሆኑን ነው። ሲንድ ተወልዶ፣ ለሲንድ ተዋግቶ፣ ሲንድ ውስጥ ሞተ። ዛሬ በየዓመቱ ማርች 24 የሚያስቡት ሲንዲዎች እንደራሳቸው ሰው ነው የሚያዩት፤ «ሞተን እንጂ ሲንድን አንሰጥም» የሚለውን መፈክርም ለእሱ የሚሰጠው ይኸው ትውፊት ነው። ጸሐፊው መፈክሩን «ናፒየር በጆሮው ሰምቶ የመዘገበው» ማለታቸው ከየት እንደመጣ ቢነግሩን መልካም ነበር።

«ናፒየር የመጣው ባርነትን ለማጥፋት ነው»

ናፒየር ሲንድን ከያዘ በኋላ ባርነት መሻሩን አውጇል፤ ይህ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ይህ አልነበረም። ከዘመቻው በፊት በገዛ ማስታወሻው ላይ ሲንድን ለመንጠቅ መብት እንደሌላቸው፣ ሆኖም እንደሚነጥቁ፣ ይህም ጠቃሚ የሆነ ወራዳ ሥራ እንደሚሆን ጽፏል። ከምርኮው ገንዘብ ለእሱ የደረሰው ወደ 70,000 ፓውንድ ነው። አውትራም በተቃውሞ ድርሻውን ለራሱ አላደረገም።

ባርነትን ስለሚመለከተው ሕግም ጽሑፉ ያጋንናል። በህንድ የወጣው የ1843 አምስተኛው ሕግ ቀኑ ኤፕሪል 7 ነው፤ ከዱቦ ሁለት ሳምንት በኋላ። ያደረገው ፍርድ ቤቶች የባለቤትነት ክርክርን እንዳይሰሙ መከልከል ነው፤ ባሪያ የጠፋበት ጌታ ከስሶ ማስመለስ አይችልም። ሰውን በባርነት መያዝ ራሱ ወንጀል የሆነው ግን የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ በ1862 በሥራ ላይ ሲውል ነው። በእነዚህ 19 ዓመታት ውስጥ ነፃነት ለማግኘት ባሪያው ራሱ ትቶ መሄድ ነበረበት፤ መሬትና ደመወዝ ለሌለው ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

«ድሉን በአንድ ቃል ቴሌግራም አበሰረ»

አላበሰረም። ህንድን ከአውሮፓ ያገናኘው የቴሌግራፍ መስመር የተከፈተው በ1865 ነው። «ፔካቪ» የሚለው የላቲን ቃል «በድያለሁ» ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲነገር «ሲንድ በእጄ ነው» ተብሎ ሊሰማ ስለሚችል ቀልድ ሆነ። ቀልዱን የፈጠረችው ካትሪን ዊንክዎርዝ የተባለች ለጋ ወጣት ናት፤ «ፓንች» የተባለው የቀልድ መጽሔት ሜይ 18 ቀን 1844 ናፒየር እንዳለው አድርጎ አወጣው።

ስለ ሌሎቹ «የማርች 24 ክንውኖች»

ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ለቀኗ ተጨማሪ ክንውኖች ይደረድራል። ፒር ፓጋራ፣ እንግሊዝን የተዋጉት የሑር ተከታዮች መሪ ፒር ሲብጋቱላህ ሻህ፣ በሃይደራባድ እስር ቤት የተሰቀለው ማርች 20 ቀን 1943 ነው፤ 24 አይደለም። ሲንድ ከቦምቤይ ተለይታ የራሷ አስተዳደር የሆነችው ኤፕሪል 1 ቀን 1936 ነው። ለህንድ ሙስሊሞች የራሳቸው አገር እንዲሆንላቸው የጠየቀው የላሆር ውሳኔ ማርች 23 ቀን 1940 ቀርቦ በ24 መጽደቁ ትክክል ነው፤ ያጸደቀው ግን የመላ ህንድ ሙስሊም ሊግ ጉባኤ እንጂ ሲንድ አይደለችም። የሲንድ ምክር ቤት ፓኪስታንን የደገፈው ማርች 3 ቀን 1943 ነው። የውሳኔውን ሐሳብ ያቀረበው ጂ. ኤም. ሰይድ ነበር፤ በኋላ ሲንድ ከፓኪስታን ትነጠል ብሎ የተነሣውም ይኸው ሰው ነው። ይህን ተቃርኖ ጽሑፉ ቢያነሣው ኖሮ ከሦስት የተሳሳቱ ቀኖች ይበልጥ ነበር።

«ይኸው ናፒየር ነው ከ25 ዓመት በኋላ መቅደላ የመጣው»

ቻርልስ ናፒየር በ1782 ተወልዶ በኦገስት 1853 በእንግሊዝ አገር ሞተ። መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስን የገጠመው ሮበርት ናፒየር በ1810 ኮሎምቦ የተወለደ የምህንድስና መኮንን ነው። የአባት ስም አንድ መሆኑ ሰዎቹን አንድ አያደርግም።

ጸሐፊው በሲንድና በኢትዮጵያ መካከል እውነተኛ ክር ከፈለጉ ግን ከዚሁ አጠገብ ነበረላቸው። ዱቦ ከሆነ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1844፣ በናፒየር ትእዛዝ ካራቺ ላይ የባሉች ክፍለ ጦር ተቋቋመ፤ ውሎ አድሮ 27ኛው የቦምቤይ እግረኛ ተባለ። በ1868 ይህ ክፍለ ጦር ወደ ኢትዮጵያ ዘመተ፤ 3ኛው የሲንድ ፈረሰኛም አብሮት ነበር። ኤፕሪል 10፣ የስቅለት ዕለት፣ የፊታውራሪ ገብርዬ ጦር በአሮጌ ሜዳ ላይ ሲወርድ ከእንግሊዙ 4ኛ እግረኛ ጋር ተሰልፈው ከጠበቁት መካከል እነዚህ ባሉቾች ይገኙባቸዋል።